አዟሪው፣ መጽሐፉና አንባቢው

መጽሐፍ አዟሪ መጻሕፍትን ክንዱ ላይ ደርድሮ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት፣ ከመናኸሪያ ገበያ የሚዞር፣ ወይም አስፋልት ዳር ላስቲክ አንጥፎ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ባሉት መንገዶች የታወቀ ሥራ ነው። የደራ ወረዳ መቀመጫ እንደሆነችው እንደ አንበሳሜ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ግን ሚናው ከዚያም ይበልጣል። መደብርና የተሟላ ቤተ መጻሕፍት እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ለብዙ ሰው መጽሐፍ ማለት አዟሪው የያዘው ነው። ቀኑን ሙሉ ከአንባቢ ጋር የሚውል ሰው ደግሞ ሕዝቡ በምን እንደሚዝናና፣ የትኛው ወሬ እንዳሳሰበውና ምን ማንበብ እንደሚሻ ቀድሞ ያውቃል።

አንበሳሜ የምትገኝበት ደቡብ ጎንደር ለመጽሐፍ ባዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ ደብረ ታቦር በተክሌ አቋቋም ትታወቃለች። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዘመን መጽሐፍ ብራና ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ በእጅ ይጻፍ ስለነበር የራሱ መጽሐፍ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ይህን የለወጠው ማተሚያ ነው። ከጣና ዳር ከዘጌ የተገኙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተሙ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። የተስፋ ገብረ ሥላሴ የፊደል ገበታ በየገጠሩ ተዳረሰ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋወቀ። የመንገድ ዳር አዟሪ ገዢ ያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አዲስ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው አዲስ አበባ ነው። ከአሳታሚ ወደ አከፋፋይ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ሐሙሲት ላይ ከጎንደሩ መንገድ ተገንጥሎ አንበሳሜ ይደርሳል። አዟሪው ብዙ ካፒታል ስለሌለው ከአንድ ርእስ ጥቂት ቅጂ ብቻ ይወስዳል፣ የሚያምነው ካገኘም በዱቤ። አደራደሩም የራሱ ጥበብ አለው። ወፋፍራሞቹ ከሥር ይሆናሉ፣ ስሶቹ ከላይ ይከተላሉ፤ የሁሉም ጀርባ ወደ ገዢው ይዞራል፣ አዲስ የወጣው ደግሞ ሽፋኑ እንዲታይ ፊት ለፊት ይያዛል። ሥራው በአየሩም ይወሰናል፤ ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ክረምቷ ከባድ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከሥር የተነጠፈው ላስቲክ መጻሕፍቱ ላይ ይለበሳል፤ ገበያውም ዝናቡ እስኪያባራ ይቆማል።

ብዙ ሰው ወደ ንባብ የሚገባው በመዝናኛ በኩል ነው። የፎገራው ሰው የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች በትንንሽ መጻሕፍት ታትመው ሲሸጡ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀውም ይገዛል፤ ጨዋታውን ከቤቱ ስለሚያውቀው ማንበቡ አይከብደውም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ታሪኩን ሰማ፤ ማንበብ የሚችለው መጽሐፉን ፈለገ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ደግሞ የስለላ ፊልም የለመደውን ወጣት ወደ ልብ ወለድ ስቧል። ፊልምና ኳስ የንባብ ጠላት ተደርገው ቢታዩም፣ ደህና ታሪክ በየትኛውም መንገድ ቢቀርብ የመጽሐፍ ገዢ ያፈራል።

የወቅቱ ጉዳይ ሌላ ጠባይ አለው። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች መንገዱን ሞሉት። አራት ኪሎ ላይ መግዣ ያጠረው አንባቢ በሳንቲም ተከራይቶ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልስ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ሲዘጉ የፖለቲካ ማስታወሻ መጻሕፍት ቦታቸውን ያዙ። የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» እና የገብሩ አሥራት «ሉዓላዊነትና ዴሞክራሲ በኢትዮጵያ» ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለአዟሪው ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ያደረ ጋዜጣ የሱቅ መጠቅለያ ይሆናል፣ ማስታወሻ ግን ለዓመታት ይጠየቃል። መከልከልም ፍላጎትን አያጠፋም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ሲሰበሰብ ከገዢ እጅ የገባው ቅጂ በድብቅ መዞር ቀጠለ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥቶ ቀረ፤ መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል።

የአዟሪውን ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚያቆሙት ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ናቸው። አንደኛው ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ ድርሳንና ገድል ነው፤ በበዓላት ሰሞን ገበያው ይደራል። ሁለተኛው የተማሪ አጋዥ መጽሐፍ ነው። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ በሆነ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ከአዟሪው አንዲት አጋዥ መጽሐፍ ገዝቶ ከጓደኞቹ ጋር እየተቀባበለ ያጠናባታል።

ሥራው ብዙ እንቅፋት አለበት። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ የመጽሐፍ ዋጋ ይንራል። አንዳንዱ ሻጭ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ቅጂ ይሸጣል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ይከለክላል፣ ጉዳቱም ደራሲው ላይ ያርፋል። በቴሌግራም የሚለቀቀው ፒዲኤፍም እንዲሁ ነው። ደንብ አስከባሪ የተነጠፈውን ሲያነሳ የአዟሪው የቀን ገቢ አብሮ ይነሳል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ መጽሐፍ አይደርስም፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገዢ ይጠፋል። በአንጻሩ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ የታተመ መጽሐፍ ያለ ኔትወርክ የሚነበብ መሆኑ ጥቅሙን አሳይቷል።

ስለ ንባብ መዳከም ብዙ ይባላል። አንባቢ ግን መጽሐፍ እደጁ ሲመጣለት ይገዛል፣ አዟሪውም በየቀኑ ያየዋል። ከተማ አስተዳደሮች ለእነዚህ ሰዎች ዝናብ የማያገኘው ጥቂት ቦታ ቢሰጡ ያለ ብዙ ወጪ ለከተማቸው የመጽሐፍ ገበያ ይከፍታሉ። አንባቢም በበኩሉ ኮፒውን ትቶ ዋናውን ይግዛ፤ አንብቦ ሲጨርስ ለጎረቤት ልጅ ያውስ።