«አንቺ» ያለው ዘበኛ
የኤፍኤም ፌዝ፣ የብሔር ቀልድና የተከፋፈለው ቁጣችን

ከሜክሲኮ ወደ ለቡ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ለቡ! ለቡ ሙዚቃ ሰፈር! አንድ ሰው!» ይላል። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሰሞኑ ፖለቲካ ሲያወጋ የቆየው አዘጋጅ ጨዋታውን ወደ ቀልድ አዞረና ዘበኛ ሆኖ መናገር ጀመረ። ዘበኛው ወንዱን አለቃውን «አንቺ» ይላል፤ እመቤቲቱን «አንተ»። ስለ ምርጫ ሲጠየቅ ምርጫ ማለት ምሳ ላይ ከሁለት ወጥ አንዱን መምረጥ ይመስለዋል። ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። ታክሲውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከፊት ለፊቴ የጥበቃ ካፖርት የለበሱ፣ ጉልበታቸው ላይ ፌስታል ያስቀመጡ አዛውንት ነበሩ። እሳቸው አልሳቁም። ጀርመን አደባባይን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ዝግ ባለ ድምፅ «ወራጅ አለ» አሉ። አነጋገራቸው ሬዲዮው ላይ የሰማነው ዓይነት ነበር። ረዳቱ በሩን ከፈተና፣ ክፋት አስቦ ሳይሆን ጆሮው ላይ የቀረውን ቀልድ እየደገመ፣ «ውረጂ እንግዲህ አንቺ!» አላቸው። ታክሲው ሁለተኛ ሳቀ። አዛውንቱ ፌስታላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወረዱ።

የጣቢያውን ስም አልጽፍም፤ ያን ቀን እሱ ነበር፣ በማግሥቱ ሌላው ይሆናል። ቀልዱ ግን ከስቱዲዮ ተነሥቶ አንድ ሽማግሌ ላይ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ከሜክሲኮ ለቡ ከሚወስደው መንገድ ያነሰ ነበር።

ሚናው ቀድሞ የታደለ

የአማርኛ ቀልድ ሚናዎቹን ያከፋፈለው ኤፍኤም ከመምጣቱ በፊት ነው። በካሴቱ ዘመን ታዳሚው ማን ምን ሆኖ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሳንቲም የሚቆጥረው ነጋዴ ጉራጌ ነው፤ ሊስትሮው ወላይታ፤ ዘበኛውና ተሸካሚው ከኦሮሞ ገጠር የመጣ፤ ግራ የገባው ገበሬ ጎጃሜ፤ የሚያዝዘው ካድሬ ትግሬ። ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ከመጣማ ቀልዱን አንዲት ቃል ትጨርሰዋለች፦ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከቀረ በኋላም ከአፋችን ያልቀረችው ያቺ ቃል።

በ1992 ዓ.ም. ኤፍኤም አዲስ 97.1 ሲጀምር፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር 102.1 ከመጀመሪያዎቹ የግል ጣቢያዎች አንዱ ሆኖ ሲከተል፣ የብሔራዊ ሬዲዮን ደረቅ ዜና የለመደ ጆሮ አዲስ ነገር አገኘ። ሰው እንደ ሰፈሩ የሚያወራበት ሬዲዮ መጣ። ዛሚ 90.7 በጋዜጠኞች ክብ ጠረጴዛው የፖለቲካ ወግ አድማጭ እንደሚይዝ አሳየ። ቀስ በቀስም ፖለቲካውን፣ ኳሱንና ቀልዱን በአንድ ትንፋሽ የሚያስኬድ አቀራረብ ተለመደ።

የዚህ አሠራር ገበያው ቀላል ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከጣቢያው የአየር ሰዓት በሚገዙ ተባባሪ አዘጋጆች እጅ ናቸው። ለሰዓቱ ይከፈላል፤ ክፍያውን ስፖንሰር ይሸፍናል፤ ስፖንሰር አድማጭ ይፈልጋል፤ አድማጭን ቶሎ የሚሰበስበው ሳቅ ነው። የተጻፈ ነገር ሳይዝ ቀጥታ ስርጭት ላይ ለተቀመጠ አዘጋጅ ደግሞ ከሁሉ የሚረክሰው ሳቅ የሰው አነጋገር ማስመሰል ነው። ደራሲ አያስቀጥርም፣ ልምምድ አይጠይቅም። በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ብዙ የመዝናኛ ፕሮግራሞች ዋና ገንዘባቸውን አጥተው ተናጉ። ያኔ የሬዲዮ ሳቅ ማን ኪስ ላይ እንደቆመ ግልጽ ሆነ።

«አንቺ» ከየት መጣች?

ያ ዘበኛ ወንዱን ለምን «አንቺ» ይለዋል? በኦሮምኛ «አቲ» ማለት አንተም አንቺም ነው። በወላይትኛም «ኔኒ» ወንድና ሴት አትለይም። አማርኛ ፊት ለፊት የምናነጋግረውን ሰው በጾታ ይከፍላል፤ እነዚህ ቋንቋዎች አይከፍሉም። ሰውየው የተሳሳተው በልጅነቱ ያልነበረውን ልዩነት በጉልምስናው፣ ያለ አስተማሪ፣ በሰው ደጅ ቆሞ ሲማር ነው። ሁለተኛ ቋንቋው ላይ በተሰናከለው ሰው የሚያፌዝ አዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚናገረው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው።

ይኸው «አንቺ» ከፈረንጅ አፍ ሲወጣ የምናደርገውን ደግሞ እናስታውስ። እናጨበጭባለን። «አማርኛ እኮ አቀላጠፈው!» እንላለን። ስሕተቱ አንድ ነው፤ የሚለያየው የተሳሳተው ሰው ደረጃ ነው። በዘበኛው ላይ የሳቅነው ሰዋስው ስላበላሸ ቢሆን ኖሮ በፈረንጁም ላይ በሳቅን ነበር።

ነገሩ የሚከነክነው በለቡ መንገድ ላይ ስለሆነም ነው። ረዳቱ ቀኑን ሙሉ ሲጠራቸው የሚውለው ስሞች፣ ለቡ፣ ላፍቶ፣ ፉሪ፣ ከዘበኛው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ነው። የሰፈራችንን ስም ያወጣልን ቋንቋ ሬዲዮ ላይ ሲደርስ መሳቂያ ይሆናል።

«ቀልድ ነው እኮ»

አዘጋጆቹ መልስ አላቸው፤ ቀላል መልስም አይደለም። ሕዝባችን ተቀራርቦ የኖረው እየተቃለደ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ወሎዬው ስለ ወሎዬ፣ ጉራጌው ስለ ጉራጌ ሲያወራ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው ራሱ ነው። ግን የቀልዳችን ትልቁ ስም የማን እንደሆነ እንጠይቅ። አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ሕዝቡ በስማቸው ያቆየው ጨዋታ በአመዛኙ ከባለጠጋው፣ ከመኳንንቱ፣ ከካህኑና ከራሳቸው ጋር የሚላተም ነው። አዝማሪም በሰምና ወርቅ የሚወጋው ግብር የሚያበላውን ጌታ ነበር። የሚቀለድበት ሰው አፍ ነበረው፤ መልስ መስጠት፣ ከፈለገም መቅጣት ይችል ነበር። ዘበኛው ግን ማይክ የለውም። አለቃን ጠቅሶ ዘበኛ ላይ የሚያፌዝ ሰው የአለቃን ቀልድ ገልብጦታል።

ቀልዱ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን መቀሌን ከቀበሌ ጋር ያገጣጠመች አንዲት አጭር መፈክር ነበረች። የማን ናት የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። ቤት ስለምትመታ ግን ያልተቀባበላት አልነበረም። የገዢው ፓርቲ መሪዎች በበኩላቸው ተቃዋሚዎቻቸውን ከሩዋንዳው ጨፍጫፊ ሚሊሻ ከኢንተርሃምዌ ጋር እያነጻጸሩ ተናገሩ። መፈክሯ ሰውን ከቤቱ የማባረርን ሐሳብ በግጥም አጣፈጠችው፤ መሪዎቹ የዘር ፍጅትን ስም ለምርጫ ክርክር ተጠቀሙበት።

የሩዋንዳን ነገር ካነሣን በትክክል እናንሣው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 የጀመረው አርቲኤልኤም ሬዲዮ መጀመሪያ የገባው በዘፈንና በጨዋታ ነበር። የመንግሥቱ ጣቢያ ደረቅ ሲሆን ይህኛው ያወራል፣ ያሾፋል፣ አድማጭ ያስገባል። ከአዘጋጆቹ ካንታኖ ሀቢማና በተጫዋችነቱ የተወደደ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ ያው ጣቢያ፣ በዚያው የጨዋታ ድምፅ፣ የሚገደሉ ሰዎችን ስምና የተሸሸጉበትን ቦታ ይናገር ጀመር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 አሩሻ ላይ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከመሥራቾቹ አንዱን ፈርዲናንድ ናሂማናን ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ በይግባኝ 30 ዓመት ሆነለት።

ከእኛም የሞተ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ስራው በዘረኛ ወጣቶች ተደብድቦ ተገደለ። ከወጣቶቹ ጀርባ የነበረው ቶም መዝገር የተቀዳ የስልክ መልእክት ያሰማ፣ የኬብል ቴሌቪዥን ፕሮግራም ያዘጋጅ፣ በጥቁሮችና በአይሁድ ላይ የሚያፌዝ ካርቱን የሚወጣበት ጋዜጣ ያሳትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የፖርትላንድ ዳኞች በመዝገርና በተባባሪዎቹ ላይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰኑ።

እያንዳንዱ ፌዝ ወደ ደም ይወስዳል አልልም። በብዛት የሚወስደው ወደ ታክሲው በር ነው፦ «ውረጂ እንግዲህ አንቺ» ወደሚለው። የደም መንገድ ግን በዚያ በር በኩል ያልፋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ ንግግርን ያስቀጣል፤ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ። ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ያው አዋጅ ግን የኪነ ጥበብ ፈጠራንና ክዋኔን፣ የፖለቲካ ትችትንም ከጥላቻ ንግግር ውጭ ያደርጋል። ቀልድ በዚህ በር ይወጣል።

ይህ በር ቢዘጋ የምንጎዳው እኛው ነን። ዘበኛ ላይ ያፌዘውን አዘጋጅ የሚያስር መንግሥት ሚኒስትር ላይ ያፌዘውን ለማሰር ሌላ ሕግ አያስፈልገውም። በዚህች ሀገር ለየትኛው ቀድሞ እንደሚቸኩል ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዳኝነቱ ወደ አድማጭ ይመለሳል።

የማን ቁጣ?

አድማጭ አይቆጣም አይባልም፤ 2006 ዓ.ም. ምስክር ነው። በዚያ ዓመት የአማራ ክልልን ያስተዳድር የነበረው የብአዴን ከፍተኛ አመራር አቶ አለምነው መኮንን ስለ አማራ ሕዝብ በንቀት ሲናገሩ የሚሰማበት ቅጂ ተሰራጨ። የካቲት ላይ አንድነት ፓርቲና መኢአድ በጠሩት ሰልፍ የባሕር ዳር ጎዳና ሞላ። በዚያው ዓመት ድምፃዊው ቴዲ አፍሮ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ ተናገረው ተብሎ መጽሔት ላይ በወጣ ቃል የተነሣ፣ እሱ አላልኩም ቢልም፣ የኦሮሞ ወጣቶች የኮንሰርቱን ስፖንሰር በደሌ ቢራን አንጠጣም አሉ። ኩባንያውም የኮንሰርት ስፖንሰርነቱን ሰረዘ።

ሁለቱም ቁጣዎች ኃይል ነበራቸው። ነገር ግን ሁለቱም በየራሳቸው ሰፈር ቀሩ። አንዱ ሲጎዳ ሌላው ወይ ዝም አለ፣ ወይ ሳቀ። የብሔር ፌዝን ዕድሜ የሚያራዝመው ይኸው ነው። ዛሬ የተነካው ነገ በሌላው ሲፌዝ ደረሰኙን ቆርጦ የያዘ ይመስለዋል።

ሌላ ዓይነት ቁጣም አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 አሜሪካዊው የሬዲዮ አዘጋጅ ዶን አይመስ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ፀጉርና ክብር ላይ ዘረኛ ቀልድ ወረወረ። ልጆቹ ራሳቸው መግለጫ ሰጡ። ከዚያ ግን ጉዳዩ የጥቁሮች ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን ነቀሉ፣ ሲቢኤስም በስምንተኛው ቀን አሰናበተው። ያንኑ ዓመት ሳይጨርስ በሌላ ጣቢያ መመለሱም እውነት ነው። ቢያንስ ግን ያን ሳምንት ያልተነካው ከተነካው ጋር ቆሟል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ አዛውንቱን አላየኋቸውም። እኔም ያን ቀን ስቄያለሁና ፍርዱ ከራሴ ይጀምራል። የጣቢያዎቹ ስልክ ለዘፈን ምርጫና ለኳስ ግምት በየሰዓቱ ይነገራል፤ የስፖንሰሮቹ ስምም እንዲሁ። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የእርስዎ ባልሆነ አነጋገር ሲፌዝ ከሰሙ ወደዚያ ቁጥር ይደውሉ። «እኔ ጉራጌ አይደለሁም፣ ወላይታም አይደለሁም፣ ኦሮሞም አይደለሁም፤ ግን አላሳቀኝም» ይበሉ። ሾፌሩንም «ወንድሜ፣ ጣቢያ ቀይርልን» ማለት ይቻላል። ሰውየው «ወራጅ አለ» ከማለታቸው በፊት።