መከታ ሥራ ሲፈታ

መከታን ባጃጅ የገጨው በሰኔ መጨረሻ፣ የእብናት መንገድ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነው። ባጃጁ ተንሸራቶ መጣ፣ ወገቡን መታው፣ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ የኋላ እግሮቹ አሉ እንጅ አይታዘዙትም። የሰፈራችን ወጌሻ፣ የስንቱን ክንድና ቁርጭምጭሚት የመለሱ ሽማግሌ፣ ለውሻ ብለው መሬት ላይ ተንበርክከው ወገቡን ዳበሱና «አጥንት ቢሆን በሸምበቆ ባሰርኩት ነበር። ሰረሰሩ ነው የተነካው» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። የእንስሳት ሐኪሙም የነገረኝ ከዚህ አልራቀም።

ጎረቤቴ በአጥር በኩል አንገቷን አስግጋ «እትየ፣ እረ ገላግይው! ተኝቶ ምን ሊሠራልሽ ነው?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። በእኛ አገር ውሻ ሠራተኛ ነው። ቤት አይገባም፣ መደብ ላይ አይወጣም፤ ሌሊቱን ከጅብና ከሌባ ጋር ሲሟገት ያድርና ጠዋት ትራፊ እንጀራውን ይበላል። ውሉ ይኸው ነው። ስለዚህ ጥያቄዋን እንደ ስድብ ሳልቆጥር ስንት ቀን አመነዠኳት። እውነት፣ ተኝቶ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ያደረግሁት ማዘን ነበር። ከደጅ አንስቼ እቃ ቤት ጥግ፣ ነፋስ የማይደርስበት ጨለማ ቦታ፣ ገለባ ጎዝጉዤ አስተኛሁት። ምግቡን አፉ ሥር አቀረብኩለት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የፊት እግሩን ጠጉሩ እስኪመለጥ ይልሰው ጀመር። በር ሲንኳኳ ጆሮው አይቆምም። ሌሊት ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ በአንድ ድምፅ፣ እየደጋገመ ይጮኻል። ቁስል ያለው መስሎኝ ገላውን ሁሉ ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። 31 ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሥራ ያልተሰጠው ልጅ እርሳሱን ሲያኝክ፣ ጠረጴዛ ሲፍቅ ስንቴ አይቻለሁ፤ ያንን ከውሻዬ ጋር ለማገናኘት ግን አእምሮዬ አልደረሰም።

ያገናኘልኝ የልጅ ልጄ ነው። በገበያ ቀን የበግ ቆዳ የመጣበትን ባዶ ጆንያ መከታ አጠገብ ጥሎ ወደ ጨዋታው ሮጠ። ውሻው አንገቱን አነሣ። አፍንጫውን ጆንያው ውስጥ ቀበረና ከአንዱ ስፌት ወደ ሌላው እየሄደ፣ እየቆመ፣ የረሳው ነገር ያለ ይመስል እየተመለሰ፣ አቦሉ ተቀድቶ ቶናው እስኪደርስ ድረስ አነበበው። ሌላ ቃል የለኝም፤ አነበበው። ያን ሌሊት አልጮኸም።

ሰው ሽታ የሚቀበልባቸው ሕዋሳት ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ቢሆኑ ነው፤ የውሻ፣ እንደ ዘሩ ቢለያይም፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ሲያነፈንፍ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል አየር ይስባል። አፍንጫውን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ከጎንና ከጎን ስንጥቅ አለው፤ የሚያስወጣው ትንፋሽ በዚያ ወደ ጎን ስለሚያመልጥ ፊቱ ያለውን ሽታ አይበትንበትም። (ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግር ጡረታ መውጣቴ ይቆጨኛል።) ደህናው ውሻ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ማን አለፈ፣ ምን ይዞ አለፈ፣ ከስንት ጊዜ በፊት አለፈ የሚለውን ሲለቅም ነው የሚውለው። የመከታን እግር ባጃጁ ወሰደበት። ወሬውን የወሰድኩበት ግን እኔ ነኝ፣ እቃ ቤት ከትቼ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሻርሎት ዱራንቶን እና በኒውዮርክ የባርናርድ ኮሌጅ ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ ያሳተሙት ጥናት አለ። የቤት ውሾችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተደበቀ ምግብ በአፍንጫቸው መፈለግ ተለማመዱ፤ ግማሾቹ ከባለቤታቸው እግር ሳይርቁ መሄድን። ፈተናው በሳህን ነው። ሳህኑ በአንድ በኩል ሲቀመጥ ሁልጊዜ ምግብ አለው፣ በሌላው በኩል ሲቀመጥ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ውሾቹ ይህን ካወቁ በኋላ መሀል ላይ ያስቀምጡታል። ተስፋ ያለው ውሻ ፈጥኖ ይሄዳል፤ የጨለመበት ያመነታል። ሲያሸቱ የከረሙት ወደዚያ አጠራጣሪ ሳህን ከበፊቱ ፈጥነው ሄዱ፤ የሌሎቹ አካሄድ አልተለወጠም። የእኔ መከታ ወደ ሳህን መሄድ አይችልም፤ ነገር ግን ተስፋው ያለው አፍንጫው ላይ መሆኑን ለማወቅ ይህ በቂዬ ነበር።

ስለዚህ ሳህኑን አነሣሁበት። አሁን የዕለት ምግቡን የሚያገኘው ሠርቶ ነው። አሮጌ ሰፌድ ላይ የተቀደደ ነጠላና የጨርቅ ቁራጭ እከምርና ቂጣ በጥፍር ያህል እየቆረስኩ መሀሉ እበትናለሁ፤ «ፈልግ!» እለዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቂጣውን በሦስት ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቋጥሬ ሰጠሁት። ሁለቴ አሸተተ፣ እኔን አየ፣ ፊቱን አዞረ። አንደኛ ክፍል ለገባ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰጥቼው ኖሯል! ተመለስኩና ከሀ ጀመርን፦ መጀመሪያ ዓይኑ እያየ ሜዳ ላይ፣ ቀጥሎ ግማሹን ሸፈን አድርጌ፣ ከዚያ ወዲያ ነው ሙሉ በሙሉ የደበቅኩበት። አሁን አራት ኩባያ ደፍቼ አንዱ ሥር ባስቀምጥ፣ የቂጣውን ኩባያ ለይቶ በአፍንጫው ይገለብጠዋል። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ማሽተት ያደክማል። ሲያለከልክ ወይም ራሱን ሲያዞር እሰበስበዋለሁ። ደህና ውሻ ሲሰለቸው ተነሥቶ ይሄዳል፤ የእሱ እምቢታ ራሱን ማዞር ብቻ ስለሆነ ላከብርለት ይገባል።

የምግቡን መጠን ከድሮው ቀንሻለሁ። የማይሮጥ ውሻ ቶሎ ይወፍራል፤ ክብደቱንም የሚሸከሙት ሁለቱ ደህና እግሮቹ ናቸው። ወጥ የነካው እንጀራ ጭራሽ ቀርቷል። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። እኔም እናቴም አያቴም ውሾቻችንን ያሳደግነው በወጥ ትራፊ ነው! ይህን ሳውቅ ግማሽ ቀን ተክዣለሁ። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አልሰጠውም።

ከሁሉ የምወደው ጋዜጣውን ነው። ስሙን ያወጣው የልጅ ልጄ ነው። ገበያ ውሎ ሲመጣ ለመከታ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፦ የበቅሎ ላብ የተጠረገበት ጨርቅ፣ እፍኝ የጤፍ ገለባ፣ ቅቤ ተጠቅልሎበት የነበረ ቅጠል፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት። አንድ ዘመዳችን በደብረ ታቦር በኩል ሲመጣ ከጉና ወገን የተለቀመ ጦስኝ አመጣልን፤ እኔ ለሻይ ስቋምጥ መከታ ቀድሞ አፍንጫውን ነከረበት። በአንድ ቀን አንድ ሽታ ይበቃል። የሌላ ውሻ ኩስና የሞተ እንስሳ የነካው ነገር ግን አይገባም፤ ከወሬው ጋር በሽታ ይመጣል።

መኝታውም እቃ ቤት መሆኑ ቀርቷል። ጠዋት በሩ ላይ መንገደኛ ያያል፣ ቀትር ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ማታ ማድ ቤቱ ደጃፍ። የማጓጉዘው አሮጌ ቁርበት ላይ አስተኝቼ እየጎተትኩ ነው። ከዚያ ውጭ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጠዋለሁ። አንድ ጎን ተኝቶ የዋለ ውሻ ዳሌው ይቆስላል፤ የሚያመው ደግሞ መፈለግ አያምረውም።

ሳበላውና ሳገላብጠው አፉን ደፍሬ የምነካው ግን ምክንያት ስላለኝ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስና በመክለፍለፍ አይመጣም። ዝምተኛው ዓይነት ውሻውን ያሽመደምደዋል፤ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። እግሩ በምን እንደከዳው ያልታወቀ ውሻ ሐኪም ሳያየው አይነካም፤ ልጆች አጠገቡ አይደርሱም። የመከታን አደጋ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ክትባቱንም በየዓመቱ ወስዷል፤ እንዲያም ሆኖ ሐኪሙን አስቀድሜያለሁ። ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ጋሪም ሞክረናል። በውጭ አገር እግሩ የከዳው ውሻ ወገቡን የሚደግፍ ባለሁለት ጎማ ጋሪ ይሠራለታል። የሰፈሩ ልጆች ከተሰበረ የሕፃን ብስክሌት አንድ ገጣጠሙ። ግቢያችን ድንጋይ ነው፤ መከታ ሦስት እርምጃ ሄዶ ተገለበጠ። አሁን ዶሮዎች ያድሩበታል።

ቃልም አስተምረዋለሁ። በአሜሪካ ቼዘር የምትባል ውሻ 1,022 መጫወቻዎችን በየስማቸው ትለይ እንደነበር ጆን ፒሊና አሊስተን ሪድ እ.ኤ.አ. በ2011 ጽፈዋል። እኔና መከታ ሦስት ላይ ነን፤ ጫማ፣ ኩባያ፣ ኳስ። ስሙን ስጠራ በአፍንጫው ይነካዋል። ጫማና ኩባያ አሁንም ይምታቱበታል፤ እኔም አልቸኩልም፣ የምንሄድበት የለንም።

ያስፈራኝ የነበረው ቡሄ ነው። በእኛ በኩል ደብረ ታቦር የከተማም የበዓልም ስም ነው፤ ነሐሴ 13 እስኪደርስ ጅራፍ ሲጮህ ይሰነብታል። ውሻ ጅራፍ ሲሰማ ይሸሻል። መከታ በምኑ ይሸሻል? ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ የልጅ ልጄን ከሩቅ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ጅራፉን እንዲያጮህ አደረግሁት። በጮኸ ቁጥር እኔ ሰፌዱ ላይ አንድ ቁራሽ እጥላለሁ። በየቀኑ ትንሽ ቀረብ ይላል፤ መከታ ከፈራ ደግሞ በማግሥቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። በበዓሉ ዕለት ጅራፉ ከአጥራችን ሥር ሲፈነዳ ጆሮው ተጣጥፎ ነበር፣ ዋሽቼ አልናገርም፤ አፍንጫው ግን ሙልሙል ከደበቅኩበት ጨርቅ አልተነሣም። ያን ቀን ቤት ውስጥ ነበር። አዎ፣ ቤት ውስጥ። ጎረቤቴ አይታኛለች፤ ምንም አላለችም።

አሁን መስከረም ነው፣ ጭቃው ደርቋል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት መከታ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ጮኸ። ያ የግድግዳው ጩኸት አልነበረም፤ ድሮ የማውቀው ነው፣ ሁለቴ ጮኾ ያዳምጣል፣ ሁለቴ ጮኾ ያዳምጣል፣ ራሱን ወደ ጎረቤቴ አጥር አዙሮ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ጎረቤቴ ባትሪ ይዛ ስትወጣ የእሷ ባለአራት እግር ውሻ ተኝቷል። ጠዋት ከአጥሯ ውጭ የጅብ ዱካ አገኘች፤ ጠቦቷ በረት ውስጥ ነበረች።

ረፋድ ላይ ሳህን ይዛ መጣች። «ለመከታ ነው» አለችኝ፣ እሱን እንጅ እኔን ሳታይ። በወጥ የራሰ እንጀራ ነው፤ ሽንኩርቱ ከሩቅ ይታያል። አመስግኜ ተቀበልኳት። ስለ ሽንኩርቱ ሌላ ቀን እነግራታለሁ።