ከፕላዝማ ወደ ጋራ ሰነድ፦ የበይነ መረብ ትብብርና የመምህሩ ፅብረቃ

መግቢያ

ቴክኖሎጂ ወደ መማሪያ ክፍል ሲገባ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያው ነው፤ ስንት ኮምፒዩተር አለ፣ ኔትወርክ ይሠራል ወይ፣ መብራት አይጠፋም ወይ ይባላል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ከተሟላ በኋላ የሚመጣውን ሌላ ጥያቄ አይመልሱም፤ ይኸውም በመሣሪያው ምክንያት የመምህሩና የተማሪው ድርሻ እንዴት ተለወጠ የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ከታዩ ሁለት ተሞክሮዎች በመነሣት፣ የበይነ መረብ ትብብር ፍሬ የሚያፈራው መምህሩ ለተማሪዎቹ የሚሰጠውን ተግባርና የሚመዝንበትን መንገድ ደጋግሞ ሲመረምር መሆኑን ያብራራል።

የፅብረቃ ምንነት

ፅብረቃ መምህሩ የራሱን የማስተማር ሥራ መለስ ብሎ የሚመረምርበትና ከምርመራው ተነሥቶ አሠራሩን የሚያሻሽልበት ሂደት ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ፅብረቃዎችን ለይተው አሳይተዋል። የመጀመሪያው በድርጊት ውስጥ የሚደረገው ነው፤ መምህሩ በማስተማር ላይ እያለ የተማሪዎቹን ግራ መጋባት አይቶ ምሳሌውን ይለውጣል ወይም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሁለተኛው ከድርጊት በኋላ የሚደረገው ሲሆን፣ መምህሩ ከክፍል ወጥቶ የሆነው ነገር ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። ስለሆነም አንድን የትምህርት ቴክኖሎጂ ለመመዘን ሁለት ነገሮችን ማየት ይቻላል፤ መምህሩ በመካከል ቆም ብሎ እንዲያስተካክል ይፈቅድለታል ወይ? ከትምህርቱ በኋላስ የሚመረምረው ማስረጃ ይተውለታል ወይ?

የፕላዝማ ትምህርት ተሞክሮ

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ይህ አሠራር በከተማም ሆነ በገጠር ያለ ተማሪ ተመሳሳይ ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ የተዘረጋ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በተወሰነለት ሰዓት ይተላለፍ ስለነበር ለክፍሉ መምህር የሚቀሩት በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሥርጭቱን ፍጥነትና የቋንቋውን ክብደት ደጋግመው ተችተዋል።

በሾን ክፍፍል ሲታይ የአሠራሩ ዋና ጉድለት ግልጽ ይሆናል። መምህሩ ተማሪው እንዳልገባው ፊቱን አይቶ ቢያውቅም ሥርጭቱን ማቆም አይችልም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ያልፋል። በመሆኑም የፕላዝማ ትምህርት ጥሩ አስረጂ ምስሎችን ወደ ክፍል ቢያመጣም፣ የመምህሩን በድርጊት ውስጥ የማስተካከል ዕድል አጥብቦታል።

ከቻናል ወደ ግሩፕ

ሁለተኛው ተሞክሮ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የመጣ ነው። በዚያ ወቅት ብዙ መምህራንና ተማሪዎች የተገናኙት በቴሌግራም አማካይነት ነበር። የቴሌግራም ቻናል በመሠረቱ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ ባለቤቱ ይለጥፋል፣ ተከታዩ ያነባል። ግሩፕ ግን ሁሉም የሚጽፍበት መድረክ ነው። መምህሩ የትምህርት ማስታወሻዎችን በቻናል ብቻ ሲያሰራጭ፣ ተማሪው በራሱ ጊዜ ደጋግሞ የማንበብ ዕድል ቢያገኝም፣ ግንኙነቱ እንደ ፕላዝማው የአንድ አቅጣጫ ሆኖ ይቀራል። ግሩፕ መክፈትም በራሱ መፍትሔ አይሆንም። ጥቂቶች ሲጽፉ ብዙዎች ዝም የሚሉበት፣ ምላሹም «እናመሰግናለን» ከማለት የማያልፍበት ግሩፕ ለመምህሩ እንግዳ አይደለም። መድረኩ ለውይይት ስለተመቸ ብቻ ውይይት አይፈጠርም።

የጋራ ሰነድና የቡድን ሥራ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የቡድን ሥራ ነባር ችግር አለበት፤ አንድ ትጉ ተማሪ ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ ሸክሙ የአንዱ፣ ጌጡ የሁሉም ይሆናል። የትብብር ትምህርት ተመራማሪዎቹ ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን ለዚህ ዓይነቱ ችግር ሁለት ቅድመ ሁኔታዎችን ያስቀምጣሉ። እነርሱም የአንዱ ውጤት ያለ ሌላው ድርሻ እንዳይሟላ የሚያደርግ መደጋገፍና የእያንዳንዱ አባል የግል ተጠያቂነት ናቸው።

ለአብነት አንድ የጂኦግራፊ መምህር በጣና ሐይቅ ላይ ስለተስፋፋው የእምቦጭ አረም በጉግል ዶክስ የሚጻፍ የቡድን ሥራ ይስጥ እንበል። ትእዛዙ «ስለ እምቦጭ ጻፉ» የሚል ከሆነ፣ አንዱ ተማሪ ሙሉውን ቢጽፈው የሚያግደው ነገር የለም። መምህሩ የሰነዱን የለውጥ መዝገብ ሲከፍት ጽሑፉ በሙሉ ከአንድ አካውንት እንደመጣ ያያል። ይህ ከድርጊት በኋላ ለሚደረግ ፅብረቃ ማስረጃ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ተማሪ ስለ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ሌላው ስለ አርሶ አደሮች፣ ሦስተኛው ስለ ውኃው ጥራት፣ አራተኛው አረሙን በእጅና በማሽን ስለ ማስወገድ፣ አምስተኛው ስለ ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር የተለያየ ምንባብ እንዲያነቡ ያደርጋል። የመጨረሻው የመፍትሔ ሐሳብ አምስቱንም ድርሻዎች ስለሚፈልግ ተማሪዎቹ መጠያየቅ ግድ ይሆንባቸዋል። መምህሩም ሥራው ሳያልቅ በሰነዱ ኅዳግ ላይ አስተያየት እየጻፈ ማቃናት ይችላል። ፕላዝማው ያጠበበው በድርጊት ውስጥ የማስተካከል ዕድል በዚህ መንገድ ይመለሳል።

የማስረጃው ወሰን

ሆኖም የለውጥ መዝገብ የሚያሳየው አካውንትን እንጂ ሰውን አይደለም። ስማርት ስልክ የሌላት ተማሪ ድርሻዋን በወረቀት ጽፋ ጓደኛዋ ሊተይብላት ይችላል። ኔትወርክ በማይደርስበት አካባቢ ያለ ተማሪ ሐሳቡን በስልክ ተናግሮ ሌላው ይጽፍለት ይሆናል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም የሉም። ውጤት በመዝገቡ ብቻ ከተሰጠ ድህነት እንደ ስንፍና ይቀጣል፤ ለፍትሕ ሲባል የመጣው መሣሪያም አዲስ በደል ያስከትላል።

ስለዚህ መዝገቡ የጥያቄ መነሻ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባም። መምህሩ ተማሪዎቹ ሥራውን እንዴት እንደተካፈሉ በግማሽ ገጽ እንዲያስረዱ ሊጠይቅ፣ እያንዳንዳቸው ከሌላ አባል ድርሻ ስለተማሩት በአጭሩ በቃል ሊፈትናቸው ይችላል። በአንድ ሰዓት መገናኘትን ከማስገደድ ይልቅ የሳምንት ጊዜ መስጠትና በወረቀት የቀረበን ድርሻ በእኩል ዓይን መቀበልም ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ከሁለቱ ተሞክሮዎች እንደሚታየው አዲስ መሣሪያ አሮጌውን የአንድ አቅጣጫ ግንኙነት ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ተማሪዎችን እርስ በርስ የሚያስፈላልግ ተግባር መቅረጽና መሣሪያው ያስቀረውን ማስረጃ ከነወሰኑ ማንበብ ነው። ይህም ጊዜ ይጠይቃል። መምህሩ በየሴሚስተሩ የሞከረውን፣ ያልተሳካለትንና የለወጠውን በማስታወሻ ቢይዝ ለራሱ ማሻሻያ ከመጥቀሙም በላይ ለተግባራዊ ምርምር መነሻ ይሆነዋል። ተቋማትም ቴክኖሎጂ ሲያስገቡ ከመሣሪያው ግዢና ከአጠቃቀም ሥልጠናው ጎን ለዚህ ሥራ የሚውል ጊዜ በመምህሩ የሥራ ጫና ስሌት ውስጥ ሊያካትቱ ይገባል።