የሚጮኸው ግን የማያቀዘቅዘው ኤሲ፦ የፒክአፕዎ ድምፅ ምን እየነገርዎት ነው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ጂቡቲ የሚወርድ መኪና በአንድ ጉዞ ሁለት የአየር ንብረት ያቋርጣል። መነሻው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ጠዋት ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ማሞቂያ እንጂ ማቀዝቀዣ አይደለም። ከአዋሽ በኋላ ግን መንገዱ እየወረደ፣ ሙቀቱም እየበረታ ይሄዳል። ሚሌንና ሰመራን አልፎ ጋላፊ ሲደረስ፣ በተለይ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው።

በዚህ መስመርም ሆነ ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ ላይ በብዛት ከሚታዩት መኪኖች አንዱ ፒክአፕ ነው። ደብል ጋቢናው አምስት ሰው ይዞ፣ ከኋላ ጭነቱን አዝሎ፣ ግማሹን አስፋልት ግማሹን ፒስታ ይሄዳል። የጋቢናው ማቀዝቀዣ በዚህ ጉዞ ላይ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሰዓታት በሙቀት የቆየ አሽከርካሪ ትኩረቱ ይደክማል፣ ውሳኔው ይዘገያል። መስኮት ከፍቶ መሄድም ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ነፋስ መገረፍ ነው፤ አቧራው ደግሞ የተለየ ጣጣ ነው።

ኤሲው ሲደክም አብዛኛው ሰው ጋራዥ ሄዶ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ ‘ጋዝ ሙላልኝ’። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መኪናውን ማዳመጥ ይገባል፤ ይህ ደግሞ ማንኛውም አሽከርካሪ ያለ መሣሪያ ሊያደርገው የሚችለው ነው።

ድምፁ ማንን ይከተላል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ‘ድምፁ ምን ይመስላል?’ ሳይሆን ‘ምን ሲጨምር አብሮ ይጨምራል?’ የሚለው ነው። መኪናውን ጸጥ ባለ ቦታ ያቁሙ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍተው ማራገቢያውን ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ያሳድጉ። ድምፁ በዚህ ከመጣ ችግሩ በተለምዶ ብሎወር የሚባለው የጋቢናው ማራገቢያ ላይ ወይም አየሩ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ውስጥ ነው። ካልመጣ ሞተሩን ያስነሱ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ እንዳለ ነዳጅ ሰጥተው ያዳምጡ፤ በመጀመሪያ ኤሲው ጠፍቶ፣ ቀጥሎ ተከፍቶ። ድምፁ የሞተሩን ዙር ከተከተለ ቺንጋውን፣ ኮምፕሬሰሩን ወይም ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ትልቁን ማራገቢያ ይጠርጥሩ። በሁለቱም ጊዜ ሁሉም ነገር ጸጥ ካለና ድምፁ በሰዓት 80 እና 90 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ብቻ ከተሰማ፣ ከኤሲው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የነፋስ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ማራገቢያውን እየነዱ ለአፍታ ማጥፋት ይህን ያረጋግጣል።

ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው። ሆኖም የተለወጡ ዕቃዎችን ዝርዝር ይዞ ድምፁ ግን ካልጠፋለት ደንበኛ ጋር የሚከራከር መካኒክ በቀጣናው ሁሉ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የተዘለለው ይህ ሙከራ ነው።

ከመሳቢያው ጀርባ

ብሎወሩ በአብዛኞቹ ፒክአፖች ላይ የሚገኘው ከጋቢናው ተሳፋሪ እግር በላይ፣ ከፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ነው። በኢትዮጵያና በጂቡቲ ይህ በቀኝ በኩል ማለት ነው። በኬንያና በኡጋንዳ ግን መሪው በቀኝ ስለሆነ ብሎወሩ በግራ ይገኛል። ሐርጌሳ ውስጥም እንዲሁ፤ እዚያ መንገዱ የቀኝ መስመር ሆኖ ሳለ አብዛኞቹ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው።

ብሎወሩ በፍጥነት የሚሽከረከር፣ ብዙ ቀጫጭን ክንፎች ያሉት የፕላስቲክ ጎማ ነው። ሚዛኑ በትንሽ ነገር ይዛባል። የደረቀ ቅጠል፣ የሶፍት ቁራጭ፣ ጫት በሚጫንባቸው መኪኖች ደግሞ ገራባ ይገባበታል፤ ያን ጊዜ መሳቢያውን የሚያንቀጠቅጥ ትርታ ይፈጠራል። ቅጠሉ ክንፎቹን እየነካ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ወረቀት በብስክሌት ጎማ ሽቦዎች መካከል እንደገባ ያለ ነው። ይህ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም፤ ብሎወሩ በጥቂት ብሎኖች ይወርዳል፣ ይጸዳል፣ ይመለሳል። በአንጻሩ ሲነሳ እንደ ፉጨት ቀጭን ሆኖ ጥቂት ሲሞቅ የሚጠፋ ጩኸት የብሎወሩ ሞተር ቡሽ ወይም ኩሽኔታ መድረቁን ያሳያል። ይህ ዘይት በመንካት ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ቢልም ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ሌላው በተደጋጋሚ ያለ ጥፋቱ የሚከሰሰው የጋቢና አየር ማጣሪያው ነው፤ ወይም አለመኖሩ። በዚህ አካባቢ ከሚነዱት ፒክአፖች የተወሰኑት ከነጭራሹ ማጣሪያ የላቸውም፤ ያላቸውም ባለቤቶቻቸው መኖሩን ሳያውቁ ለዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ብሎወሩ የባሰ ይጮኻል፣ የሚወጣው አየር ግን ያንሳል። ‘ድምፁ ብዙ፣ አየሩ ትንሽ’ የሚለው ምልክት መጀመሪያ ወደዚያ ማየትን ይጠይቃል። ማጣሪያው በሌለበት መኪና ደግሞ አቧራው ኢቫፖሬተሩ ላይ ይደርሳል። ኢቫፖሬተር አየሩን የሚያቀዘቅዘው፣ በዳሽቦርዱ ውስጥ የተደበቀው ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ሲቀዘቅዝ ላብ ያወጣል። በፒስታ የተሰበሰበው ደረቅ አቧራ እርጥበት ወዳለበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ሲደርስ በዚያ ላብ ላይ ተለጥፎ ጭቃ ይሆናል። ውሃው የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ በዚሁ ጭቃ ሲዘጋ የተሳፋሪው ምንጣፍ ይረጥባል፣ ጋቢናው የሻገተ ሽታ ይይዛል። ኤሲ ከፍቶ በቆመ መኪና ሥር የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ ግን ጤናማ ነው፤ አያስደንግጥዎ።

ከዳሽቦርዱ ውስጥ በየሴኮንዱ ‘ጠቅ ጠቅ’ የሚል ድምፅ ከመጣ የአየሩን አቅጣጫ የሚቀይሩትን በሮች የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ጥርስ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ኤሲው ሲጠፋ ለጥቂት ሴኮንዶች የሚሰማው ‘እስስ’ የሚል ድምፅ ደግሞ ግፊቱ እየተካከለ ነው፤ ጉዳት የለውም። ያው ድምፅ ሳያቋርጥ ከቀጠለና አየሩ ካልቀዘቀዘ ግን ጋዙ ማነሱን ይጠቁማል።

የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረው ቁልፍ፣ መኪና ውስጥ የታጠፈ ቀስት ያለበት፣ ሲጫን ድምፁ መጨመሩ ብልሽት አይደለም። የብሎወሩ አፍ በቀጥታ ወደ ጋቢናው ስለሚከፈት ነው። ይህ ቁልፍ ማቀዝቀዙን ያፈጥናል፤ ነገር ግን አምስት ሰው በተቀመጠበት ደብል ጋቢና ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የሚተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ለአሽከርካሪ ይህ ከሙቀቱ ያላነሰ አደጋ ነው። ስለዚህ በየጊዜው የውጭ አየር ማስገባት ያስፈልጋል። በፒስታ ላይም፣ ከፊትዎ ሌላ መኪና ከሌለ፣ የውጭ አየርን በዝቅተኛ ፍጥነት ማስገባት ይመረጣል፤ በጋቢናው ውስጥ የሚፈጠረው ትንሽ ግፊት አቧራው በስንጥቅ እንዳይገባ ይከላከላል።

የነፋሱ ድምፅ ከሆነ

የነፋስ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ከበር ጎማ፣ ከስፖኪዮ ወይም ከፖርቶመጋላ ይመጣል። የብር ኖት በበሩና በጎማው መካከል አድርገው በሩን ዘግተው ይሳቡት፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ በዚያ በኩል አየር ይገባል። የእኛ መንገዶች ደግሞ የራሳቸውን መርማሪ ያቀርባሉ፦ ከፒስታ ጉዞ በኋላ በሩን ሲከፍቱ በጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የሚያዩት የአቧራ መስመር ቀዳዳው የት እንዳለ ያሳያል። በጥርጣሬ ቦታው ላይ ፕላስተር ለጥፎ መንዳትም ጥሩ ማረጋገጫ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ቦታው ተገኝቷል።

ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆም ይሞቃል

አሁን ወደ ማቀዝቀዙ እንመለስ። የኤሲው አሠራር በአጭሩ ይህ ነው፦ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ትኩስ ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም በጠባብ ቫልቭ አልፎ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ ሲተን የጋቢናውን ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ በኮንደንሰሩ ላይ በቂ አየር ካላለፈ ሙሉ ጋዝ ቢኖርም ቅዝቃዜ የለም።

በመንገድ ላይ ጥሩ የሚያቀዘቅዝ፣ ኬላ ላይ ወይም ድንበር ሲቆም ግን ትኩስ አየር የሚያወጣ መኪና ይህንኑ ችግር እየተናገረ ነው። በብዙ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ ትልቁ ማራገቢያ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በውስጡ ወፍራም ዘይት ባለው መያዣ ነው። መያዣው ሲደክም ማራገቢያው በቆመ መኪና ላይ በቂ አየር አይስብም፤ ሲጣበቅ ደግሞ የሞተሩን ዙር ተከትሎ እንደ ከባድ መኪና ያገሳል፣ ነዳጅም ይበላል። ከዚህ በተጨማሪ በኮንደንሰሩ ላይ የተለጠፈውን ጭቃና ነፍሳት በዝቅተኛ የውሃ ግፊት ማጠብ ተገቢ ነው፤ የመኪና እጥበት ቤቶች ኃይለኛ ውሃ ግን ስስ ክንፎቹን ያጣምማል። ከፊት ለፊት የተደረደሩ ተጨማሪ መብራቶችና የብረት መከላከያዎችም አየሩን ይጋርዳሉ። ለማማር የተገጠሙ ከሆነ በአፋር በረሃ ዋጋ ያስከፍላሉ።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ከሠራ ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ተቃጥሏል፤ አነስተኛ ዕቃ ነው። በመጀመሪያ ጥሩ ቀዝቅዞ ከአንድ ሰዓት በኋላ አየሩ እየቀጠነ ከመጣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል። ያን ጊዜ ኤሲውን አጥፍተው ማራገቢያውን ብቻ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያሠሩት፤ አየሩ ከተመለሰ ምርመራው ወደ ማጣሪያውና ወደ ሙቀት መቆጣጠሪያው ይሄዳል።

ጋዙ የት ሄደ?

የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። በዓመታት ውስጥ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ በየጥቂት ወሩ መሞላት ካስፈለገው ግን ቀዳዳ አለው። ከጋዙ ጋር ዘይት ስለሚዞር፣ በመገጣጠሚያዎች ላይ የተለጠፈ ቅባታማ አቧራ ቀዳዳውን ይጠቁማል፤ የሳሙና አረፋም ያረጋግጣል።

ብዙ ጋራዦች የጋዙን መጠን የሚገምቱት በግፊት ነው። ይህ አሳሳች ነው። የቤት የጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ ምን ያህል እንደቀረ እንደማይናገር ሁሉ፣ በቆመ መኪና ላይ የሚነበበው ግፊትም በዋነኛነት የሚናገረው የአካባቢውን ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ‘ልክ ነው’ የተባለ መኪና ሰመራ ላይ የሚያሳፍረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ትክክለኛው መንገድ ያለውን አውጥቶ፣ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ምልክት ላይ በተጻፈው ግራም መጠን በሚዛን መሙላት ነው። ከመሞላቱ በፊት አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ለደጋ መካኒኮች አንድ ነገር፦ በአዲስ አበባ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 0.76 ባር ገደማ ስለሆነ መለኪያው ከዚያ በታች አይወርድም፤ እንደ ጂቡቲ ወደ አንድ ባር አለመጠጋቱ ፓምፑ መበላሸቱን አያሳይም።

ጋዝ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ኤሲው ‘እንዲሠራ’ ብሎ ይህን በሽቦ በቀጥታ ማገናኘት ያለ ዘይት የሚሽከረከር ኮምፕሬሰር ማግኘት ነው፤ ከጋዙ ብዙ እጥፍ የሚያስወጣውም እሱ ነው።

የጋዙ ምንነትም መጠየቅ ያለበት ነው። በአካባቢው ያሉ አብዛኞቹ ፒክአፖች አር-134ኤ የተባለውን ይጠቀማሉ። በእሱ ምትክ የማብሰያ ጋዝ መሙላት ሊፈነዳ የሚችል ነገርን በዳሽቦርድ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የሐሰት ጋዝም አለ፦ እአአ በ2011 ይህን ጋዝ በሚመስል፣ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ በሚፈነዳ ኬሚካል የተበከሉ የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል። አር-134ኤ ራሱ ወደ አየር ሲለቀቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ የማሞቅ አቅም አለው፤ እአአ በ2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ አገራት የዚህን ጋዝ ቤተሰብ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንሱ ያስገድዳል። በተለይ ለአውሮፓ ገበያ ተሠርተው የመጡ አዳዲስ መኪኖች አር-1234ዋይኤፍ የተባለውን ይዘው ይመጣሉ። የመሙያ አፉ ሆን ተብሎ የተለየ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ጋራዡ ‘አስማሚ አለኝ’ ካለዎት መኪናዎን ይዘው ወደ ሌላ ቢሄዱ ይሻላል።