ክኒን መዋጥ ያሳፍራልን?

በጋምቤላ ወባ ይዞት የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ወባ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመረመራል፤ ክኒኑን ይዞ ይመለሳል። የወባ ክኒን የሚደብቅ የለም። በጎረቤት ፊት ይዋጣል።

አንዳንዴ ወባው ወደ አንጎል ይወጣል። ያን ጊዜ በሽተኛው ይቃዣል፤ ቤተሰቡን አያውቅም፤ ከያዙት ሰዎች ጋር ይታገላል። በመርፌ ታክሞ ከዳነ በኋላ ግን «እብድ ነበር» ብሎ የሚሰድበው የለም። «ወባ ነበር» ይባላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እንግዲህ አንጎል እንደ ጉበትና እንደ ሆድ የሚታመም መሆኑን ሰው ያውቃል ማለት ነው።

ወባ ሳይኖርበት አእምሮው የታመመ ሰው ግን ሌላ ስም ይወጣለታል። ይህ ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ሌሊት አይተኛም። የገዛ ወንድሙን «ሊገድለኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው መንፈስ ነው ይላል። ሕክምና ሲጀምር ደግሞ «የእብድ መድኃኒት ይውጣል» ይባላል። ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቅ ይጠፋል። ስለዚህ ክኒኑን ጆንያ ሥር ይደብቃል።

መድኃኒቱ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ድምፅና ጥርጣሬ የሚያበርደው የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ይባላል። በፈረንሳይ አገር በ1944 ዓ.ም. ለአእምሮ በሽተኞች ተሰጠ። በአገራችን ለረጅም ዘመን የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነው። ከጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነርሶች በዚህ ሕክምና እየሠለጠኑ ወደ ክፍለ ሀገር ወጡ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ዕቅድ ደግሞ ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አዘዘ።

ትልቁ ችግር የሚመጣው ከተሻለ በኋላ ነው። የወባ ክኒን በቀናት ውስጥ ያልቃል። የአእምሮ መድኃኒት ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይወሰዳል። በሽተኛው ይሻለዋል፤ በቆሎውን ያርማል፤ ገበያ ይወጣል። «ድኛለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ይሉኛል» ብሎ ክኒኑን ያቆማል። ጥቂት ሳምንት ደህና ይመስላል። ከዚያ በሽታው ይመለሳል። ጎረቤትም «አየህ፣ መድኃኒቱ አያድንም!» ይላል። መድኃኒቱን ያስጣለው የራሱ ምላስ መሆኑን አያስብም።

እርግጥ መድኃኒቱም ጣጣ አለው። እንቅልፍ ያበዛል፤ አፍ ያደርቃል፤ የአንዳንዱን ሰው እጅ ያንቀጠቅጣል። ይህን ያየ ሰው ሕመሙ የባሰ ይመስለዋል። ለሕክምና ሠራተኛው ቢነገረው መጠኑን ይቀንሳል ወይም በሌላ ይለውጣል። በራስ ፈቃድ በአንድ ቀን ማቆም ግን አደጋ አለው። አረቄና ቦርዴም ከክኒኑ ጋር አይስማሙም።

ክረምት ሲገባ ባሮ ይሞላል። በኢታንግና በጂካዎ በኩል መንገዱ በውሃ ይቆረጣል። ክኒኑም ያኔ ያልቃል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ በግንቦት ወር መድኃኒቱ ወደሚሰጥበት ቦታ ሄዶ የክረምቱን አስቀድሞ ይጠይቅ።