ወፍና አውሮፕላን፦ ከአጥር ውጭ የሚጀምር ጥበቃ

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አንዱ ሞተር ወዲያው፣ ሌላው አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመለሱ ሲሞክሩ ኃይል አጣ። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። ርግቦቹ በየጣሪያው ሥር የምናያቸው፣ ዓይናቸው በቀይ የተከበበ፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ናቸው።

ይህች ትንሽ ወፍ ያን ያህል የምትጎዳው በፍጥነት ምክንያት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አብዛኛው ግጭት የሚደርሰውም አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ፣ ወፎች በሚውሉበት ከፍታ ላይ ሳለ ነው።

ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያዎች አደጋውን አስቀድመው ይመዝናሉ። የትኛው ወፍ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ወር፣ ነጠላ ሆኖ ወይስ በመንጋ እንደሚመጣ ይመዘገባል። ማኮብኮቢያ ላይ የተገኘ ላባ ወይም የደም ጠብታ ሳይቀር ተሰብስቦ የወፏ ዓይነት ይለያል። ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ ይነሳል፦ ግጭቱ ምን ያህል ሊደጋገም ይችላል? ቢደርስስ ምን ያህል ይጎዳል? አልፎ አልፎ የሚታይ ጥንብ አንሳ፣ ዘወትር ከምትታይ ትንሽ ወፍ ይልቅ ሊያሰጋ የሚችለው በክብደቱ ነው።

ከዚያ ወፏን ምን እንደሳባት ይፈለጋል። ከብት እየተከተለች ፌንጣ የምትለቅመው ነጭ ወፍ፣ ሣር የሚያጭድ ማሽን ስታይም ትከተላለች፤ ማሽኑም እንደ ከብቱ ነፍሳቱን ከሣሩ ያስነሳላታል። ስለዚህ ሣሩ መቼና እስከ ምን ቁመት እንደሚታጨድ በጥንቃቄ ይወሰናል። ውኃ ያቆረ ቦይ ይጠረጋል፣ ርግብ የምትገባበት የጣሪያ ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ይደፈናል። ተኩስና ሳይረንም አሉ፤ ነገር ግን ወፎች ድምፁን ቶሎ ይለምዱታል። ምግቡና ውኃው እዚያው ካለ ተመልሰው ይመጣሉ።

ይህ ጉዳይ የከሚሴ ከተማን ሰውም ይመለከታል፤ ለእሱ ቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ ኮምቦልቻ ነው። የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ጨፋ ይመጣሉ፤ የውኃ ወፎችም ይሰፍሩበታል። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም የስምጥ ሸለቆውን ተከትለው ያልፋሉ። ይህ ሀብት ነው፤ ማንም ሊያጠፋው አይገባም። ደግሞም ማረፊያ ላይ ወፍ መግደል መፍትሔ አይሆንም፤ የሚስባት ነገር እስካለ ድረስ የሞተችውን ሌላ ትተካታለች።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ መሠረት፣ ከማረፊያው ዙሪያ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ያለው የመሬት አጠቃቀም ክትትል ያስፈልገዋል። በዚህ ክልል ውስጥ ክፍት ቆሻሻ መጣያ፣ ጥንብ የሚጣልበት ሜዳ፣ ተረፈ ምርቱን በአግባቡ የማያስወግድ ቄራ ሁሉ የአሞራ መሰብሰቢያ ነው። አጥሩን የሚጠብቀው የማረፊያው ሠራተኛ ብቻውን ይህን ሊያስቀር አይችልም። የሞተ ከብት መቅበር፣ ቆሻሻን መሸፈን፣ የመጣያ ቦታ ሲመረጥ ማረፊያውን ማሰብ የማዘጋጃ ቤቱና የጎረቤቱ ሥራ ነው፤ የመንገደኛው ሕይወት በእነሱም እጅ ነው።