ወንዙ ሲሞላ መረቡ ይረፍ

በጉቴና በነቀምቴ ዙሪያ ክረምት ሲበረታ አንገርና ዴዴሳ ሞልተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ወንዝ ሲሞላ ግን ሽቅብ የሚጓዝ ዓሣ አለ። ሳልሞን እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። በዚሁ በዓባይ ተፋሰስ፣ በጣና ሐይቅ የሚኖሩ በርካታ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ፤ እንቁላላቸው ንጹሕ ጠጠርና ኦክስጅን ያልጎደለው ወራጅ ውኃ ይሻልና። በወንዙ አፍ የተዘረጋ መረብ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ያስቀራል። በጣና ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክምችት በ75 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ በጥናት ተረጋግጧል። የነጭ ዓሣ ዘመዶች በአንገርና በዴዴሳም ይኖራሉ። ስለዚህ ዓሣ በቀላሉ የሚያዝበት ወቅት መረባችንን የምንሰበስብበት ወቅት መሆኑን እንገንዘብ።